ጋዜጠኞች የባለሥልጣን ሌብነትን እንዴት ያጋልጣሉ? በጉፕታ ኢሜይሎች ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የምርመራ ጋዜጠኝነት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ለሚጠይቁ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። በደፈናው ከማውራት አንድ ጉዳይ ይዞ መጨረስ ይሻላልና የደቡብ አፍሪካን የጉፕታዎች ጉዳይ መርጠናል፦ ጉፕታ የሚባሉ ነጋዴ ወንድማማቾች በመንግሥት ሹመትና ገንዘብ ላይ እጃቸውን አስገብተዋል የተባለበትን፣ በ2017 የሾለኩ ኢሜይሎቻቸውም ያጋለጡትን ጉዳይ። ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ ያለው ሂደት በአደባባይ የታየ ስለሆነ፣ ጋዜጠኛ ምን ማድረግ እንደሚችልና አቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ እንደዚህ ጉዳይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ብዙ የለም። ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምርመራ ጋዜጠኝነት ከዕለት ዜና በምን ይለያል?

የዕለት ዜና የሆነውንና የተባለውን ይነግረናል። ሚኒስትሩ መግለጫ ሰጡ፣ ፕሮጀክቱ ተመረቀ። የምርመራ ጋዜጠኛ ሥራውን የሚጀምረው መግለጫው ካበቃ በኋላ ነው። ጨረታውን ማን አሸነፈ? የድርጅቱ ባለቤት ማን ነው? ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ወዴት ሄደ? እነዚህን ጥያቄዎች ፈቅዶ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ መልሱን ከንግድ መዝገብ፣ ከባንክ ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት ፋይልና ከሰው አፍ ለቃቅሞ ማምጣት ይኖርበታል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

ባለሥልጣንን መስደብ ምርመራ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ "ሌቦች ናቸው" ብሎ መጮህም አይደለም። ሌብነቱን ከነቀኑ፣ ከነገንዘቡ መጠንና ከነተቀባዩ ስም ማሳየት ግን ምርመራ ነው።

ጉፕታዎች እነማን ናቸው?

አጄይ፣ አቱልና ራጄሽ የሚባሉ፣ ሰሃራንፑር ከምትባል የሰሜን ህንድ ከተማ የመጡ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ራጄሽን ቶኒ ይሉታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ገብተው ሰሃራ ኮምፒውተርስ በሚባል ድርጅት ኮምፒውተር መነገድ ጀመሩ። ቆይተው ወደ ማዕድን፣ ወደ ጋዜጣና ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። ጃኮብ ዙማ በ2009 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ከቤተሰቡ ጋር የቆየ ቅርበት ነበራቸው። ልጃቸው ዱዱዛኔም የወንድማማቾቹ የንግድ ሸሪክ ነበር። ጆሃንስበርግ፣ ሳክሰንዎልድ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ሚኒስትሮችና የመንግሥት ድርጅት ኃላፊዎች የሚመላለሱበት ቤት ሆነ።

ወንድማማቾቹም ሆኑ ዙማ ጥፋት አልሠራንም ይላሉ።

"መንግሥት ተጠለፈ" ሲባል ምን ማለት ነው? ከተራ ጉቦ በምን ይለያል?

በተራ ጉቦ ነጋዴው ለባለሥልጣኑ ከፍሎ አንድ ጉዳይ ያስፈጽማል። መንግሥት ተጠለፈ የሚባለው ነጋዴው ባለሥልጣኑን ራሱን ማስሾም ሲጀምር ነው። ያኔ ሥራውን የሚሰጠውም፣ የሚገመግመውም፣ ክፍያውን የሚፈርመውም የራሱ ሰው ይሆናል። ቁጥጥር የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ደቡብ አፍሪካውያን ይህን በዓይናቸው ያዩት ዲሴምበር 9 ቀን 2015 ነው። ዙማ የገንዘብ ሚኒስትሩን ንላንላ ኔኔን አንስተው ብዙ ሰው የማያውቃቸውን የፓርላማ አባል ዴስ ቫን ሮየንን ሾሙ። የአገሪቱ ገንዘብ ራንድ ወዲያው አሽቆለቆለ፣ ጩኸቱም በረታ። በአራት ቀን ውስጥ ፕሬዚዳንቱ አዲሱን ሚኒስትር አንስተው ፕራቪን ጎርዳንን መለሱ። በማርች 2016 ደግሞ ምክትል የገንዘብ ሚኒስትሩ ምቼቢሲ ጆናስ፣ ከኔኔ መነሳት በፊት ጉፕታዎች የሚኒስትርነቱን ቦታ እንሰጥሃለን እንዳሏቸውና እሳቸው እንዳልተቀበሉ በይፋ ተናገሩ። በኋላም 600 ሚሊዮን ራንድ እንደሚሰጣቸው ቃል እንደተገባላቸው መሰከሩ። ሹመት የሚሰጠው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በነጋዴ ሳሎን ከሆነ፣ መራጩ ሕዝብ ድምፁን የሰጠው ለማን ነው?

ነገሩ ሁሉ የወጣው በሾለከው ኢሜይል ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢሜይሎቹ በ2017 ሲወጡ ጋዜጠኞቹ ጉዳዩን መከታተል ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። አማቡንጋኔ የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ የምርመራ ጋዜጠኞች ማዕከል በ2010 ነው የተቋቋመው። መጀመሪያ ከሜይል ኤንድ ጋርዲያን ጋዜጣ ጋር ይሠራ ነበር፤ በ2016 ራሱን ቻለ። በእነዚያ ዓመታት የድርጅት ምዝገባ ሲያገላብጡ፣ ማን የማን ሸሪክ እንደሆነ ሲመዘግቡ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሲጽፉ ቆይተዋል። ብዙዎቹ ዘገባዎች በወጡበት ሳምንት ማንንም አላነቃነቁም።

የሕዝብ ዕንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላም ሥልጣናቸው ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያጠናቀቁት ሪፖርት በኖቬምበር 2016 ለሕዝብ ወጣ። ሪፖርቱ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን በዳኛ መሪነት እንዲቋቋም አዘዘ። ስለዚህ ኢሜይሎቹ ሲመጡ ያረፉት ባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም። ስሞቹን የሚያውቅ፣ የትኛው ደረሰኝ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ የሚለይ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ያለዚያ መቶ ሺህ ኢሜይል ቢደርስህ ምን ታደርገዋለህ?

የፍሬደ የወተት እርሻ ጉዳይ ምንድን ነው?

ስለ መላው ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህን እንነግረዋለን።

ፍሬደ በፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። በ2012 የክፍለ ሀገሩ ግብርና መሥሪያ ቤት እዚያ ዘመናዊ የወተት ላሞች እርባታ እንደሚቋቋም አስታወቀ። ተጠቃሚ ይሆናሉ የተባሉት የአካባቢው ድሃ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ሥራው የተሰጠው ኢስቲና ለሚባል፣ በእርሻ ልምድ ለሌለው ድርጅት ነው። ዳይሬክተሩ የኮምፒውተር ሽያጭ ሰው ነበር። ለፕሮጀክቱ የሚሆነው መሬት ለ99 ዓመት በነጻ ተሰጠ።

በ2013 የአማቡንጋኔ ጋዜጠኞች ወደ ፍሬደ ወረዱ። ያገኙት ከእርሻው አጠገብ የተጣለ የላም ጥንብ ነው። ባለድርሻ ትሆናላችሁ የተባሉትን ገበሬዎች ሲጠይቁ ደግሞ እጃቸው ላይ የደረሰ አንዳች ነገር እንደሌለ ተነገራቸው። ዘገባው ታተመ፣ የገንዘብ ሚኒስቴርም አጣራ፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ግን ለኢስቲና መክፈሉን ቀጠለ። ጉፕታዎች በእርሻው ውስጥ የለንበትም አሉ።

በዚያው በ2013፣ ኤፕሪል 30 ቀን፣ ሌላ ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበር። 200 ገደማ የሰርግ እንግዶችን የጫነ አውሮፕላን ከህንድ ተነሥቶ ፕሪቶሪያ አጠገብ ባለው በዋተርክሉፍ አየር ኃይል ሰፈር አረፈ። እንግዶቹ ሰን ሲቲ በሚባለው መዝናኛ ለሚደረገው የጉፕታዎች የእህት ልጅ ሰርግ የመጡ ነበሩ። የግል ሰርገኛ እንዴት በወታደራዊ ማረፊያ ይገባል ተብሎ ሕዝቡ ተቆጣ። መንግሥት ጥፋቱን በበታች ሹማምንት ላይ አሳብቦ አለፈው።

እርሻውና ሰርጉ ለአራት ዓመት ያህል ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ነበሩ። በ2017 ኢሜይሎቹ ውስጥ የተገኙት የባንክ ወረቀቶችና ደረሰኞች አገናኟቸው። ለእርሻው ከተከፈለው የሕዝብ ገንዘብ 84 ሚሊዮን ራንድ ዱባይ ወዳለ ጌትዌይ ወደሚባል የጉፕታዎች ድርጅት ሄዷል። ከዚያ ውስጥ 30 ሚሊዮን ራንድ ገደማው በሌላ የዱባይ ድርጅት በኩል ዞሮ ደቡብ አፍሪካ ተመለሰና ሊንክዌይ በሚባል ድርጅታቸው በኩል የሰርጉን ወጪ ሸፈነ። ሒሳቡን ይመረምር የነበረው ኬፒኤምጂ የሰርጉ ወጪ እንደ ንግድ ወጪ ሲመዘገብ አሳለፈው። ከኬፒኤምጂ ኃላፊዎች መካከል ሰርጉ ላይ የታደሙም ነበሩ።

የፍሬደ ገበሬ ላም ይሰጥሃል ተብሎ ሲጠብቅ፣ ገንዘቡ ዱባይ ደርሶ ተመልሶ ለሌላ ሰው ሰርግ ዋለ። ሙስና በቢሊዮን ሲቆጠር ሰው ይደነዝዛል፤ እንዲህ ሲነገር ግን ማን ምን እንደተነጠቀ ይታያል።

ኢሜይሎቹ እንዴት ወጡ?

ከ100,000 በላይ ኢሜይሎችና ሰነዶች የያዘ ሃርድ ዲስክ በሁለት ጠቋሚዎች አማካይነት ለጋዜጠኞች ደረሰ። ሰዎቹ እስከ ዛሬ የሚታወቁት ስታንና ጆን በሚሉ የተቀየሩ ስሞች ነው። ዴይሊ ማቬሪክ የሚባለው የዜና ድርጅትና አማቡንጋኔ መጀመሪያ ያቀዱት ጠቋሚዎቹን በሰላም ከአገር ማስወጣት ነበር፤ ኅትመቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይሁንና ከሰነዶቹ የተወሰነው በሌላ መንገድ ሰንደይ ታይምስና ሲቲ ፕሬስ ጋዜጦች እጅ ገብቶ ሜይ 28 ቀን 2017 ታተመ። ዴይሊ ማቬሪክና አማቡንጋኔም ኒውስ24 ከሚባለው የዜና ድረ ገጽ ጋር ሆነው በጁን መጀመሪያ ማውጣት ጀመሩ። ትልቅ ዜና በእጁ ይዞ ለምንጩ ደኅንነት ሲል ዝም ብሎ መጠበቅ ለጋዜጠኛ ከባድ ፈተና ነው፤ ትክክለኛው ውሳኔ ግን እሱ ነው።

በውስጡ ምን ነበር ለሚል፣ አንዱን ብቻ እናንሳ። ኦገስት 2015 ላይ የሞሰቤንዚ ዝዋኔ ሲቪ ለቶኒ ጉፕታ ይላካል፤ እሱም ለፕሬዚዳንቱ ልጅ ያስተላልፈዋል። በሴፕቴምበር ዝዋኔ የማዕድን ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የፍሬደ እርሻ ሲጸነስ የፍሪ ስቴት የግብርና ኃላፊ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። በ2022 በእርሻው ጉዳይ ክስ ተመሥርቶባቸዋል፤ እሳቸው ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል።

የሰውን የግል ኢሜይል ማተም ተገቢ ነው? ሐሰተኛ አለመሆኑስ በምን ይታወቃል?

ተገቢነቱ የሚለካው በሕዝብ ጥቅም ነው። በቤተሰቡ ኢሜይል ውስጥ የሕክምና ጉዳይም፣ የልጆች ጉዳይም፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቅም ሊኖር ይችላል፤ ያ ለማንም አይመለከትም፣ መታተምም የለበትም። የመንግሥት ገንዘብና የመንግሥት ሹመት የተነካበት ደብዳቤ ግን የግል አይደለም።

ማረጋገጡ አድካሚው ክፍል ነው። ኢሜይሉ ውስጥ ያለው የቴክኒክ መረጃ ከላኪውና ከቀኑ ጋር ይስማማል ወይ ተብሎ ይታያል። የበረራ ትኬት ከተጠቀሰ ሰውየው በዚያ ቀን እዚያ መሆኑ ከሌላ ምንጭ ይፈለጋል። ደረሰኝ ካለ በሌላው ወገን መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር ይመሳከራል። የኢሜይሉ ተቀባይ የነበረ ገለልተኛ ሰው ካለ ተፈልጎ ይጠየቃል። በመጨረሻም ስሙ የተነሳው ሰው ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ተልከውለት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ያገኛል፤ መልሱም ይታተማል። ይህን የመጨረሻውን ደረጃ የዘለለ ዘገባ ካያችሁ ተጠራጠሩ። እውነት ቢሆን እንኳ ፍርድ ቤት ውሃ አያነሳም።

የውጭ ኩባንያዎችም ነበሩበት ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ይህም በቂ ትኩረት ያላገኘ ይመስለናል። የመንግሥቱ የባቡርና የወደብ ድርጅት ትራንስኔት 1,064 ሎኮሞቲቮች ሲገዛ፣ 38.6 ቢሊዮን ራንድ የተባለው ዋጋ ወደ 54.5 ቢሊዮን አደገ። አማቡንጋኔ ያገኘው ውል እንዳሳየው፣ በቻይናው አቅራቢ በኩል ለእያንዳንዱ 50 ሚሊዮን ራንድ ሎኮሞቲቭ 10 ሚሊዮኑ ከጉፕታዎች ጋር ለተያያዘ ድርጅት እንዲከፈል ታስቦ ነበር። አማካሪ ድርጅቱ ማኪንዚ ከመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ከኤስኮም የወሰደውን 1 ቢሊዮን ራንድ ገደማ መለሰ። የኤሌክትሪክ መሣሪያ አምራቹ ኤቢቢ በ2020 ለኤስኮም 1.56 ቢሊዮን ራንድ ለመመለስ ተስማማ። የሶፍትዌሩ ኩባንያ ሳፕ በ2024 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመክፈል ጉዳዩን ዘጋ። ለጉፕታዎች የዘር ቁርሾ የሚቀሰቅስ ቅስቀሳ ያካሄደው የለንደኑ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቤል ፖቲንጀር በ2017 ከሙያ ማኅበሩ ተባርሮ ፈረሰ። የኬፒኤምጂ ደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ኃላፊዎችም በዚያው ዓመት ሥራ ለቀቁ።

አፍሪካ ውስጥ የሚዘረፍ ገንዘብ ጠበቃ፣ ሒሳብ መርማሪና ባንክ ካልተባበረው ከድንበር አይሻገርም።

ጋዜጠኞቹስ ምን ደረሰባቸው?

ቤታቸው ድረስ ሰልፍ የተወጣባቸው አሉ፤ በጁላይ 2017 ፍርድ ቤት ዛቻው እንዲቆም አዘዘ። የአማቡንጋኔ መሥራች ሳም ሶል ስልካቸው በመንግሥት ሲጠለፍ እንደነበር ደርሰውበት ከሰሱ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በፌብሯሪ 2021 የስልክ ጠለፋውን ሕግ ከፊሉን ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሻረው። በ2023 ደግሞ አንድ የንግድ ቡድን፣ ጋዜጠኞቹ ሳይሰሙ፣ የያዙትን ሰነድ እንዲመልሱ የሚያዝ ትእዛዝ አውጥቶባቸው ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ተሻረ።

ከጋዜጠኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ጠቋሚው ነው። በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ጤና ቢሮ የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩት ባቢታ ዴኦካራን በቴምቢሳ ሆስፒታል አጠራጣሪ ክፍያዎችን ካስቆሙ በኋላ ኦገስት 23 ቀን 2021 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ገዳዮቹ በ2023 አምነው ተፈረደባቸው። የኒውስ24 ጋዜጠኞች እሳቸው የጀመሩትን ክር ተከትለው የሆስፒታሉን ግዢ ሲያጋልጡ ቆይተዋል።

ታዲያ ማን ታሰረ?

ጥቂት ሰው። ዙማ በፌብሯሪ 14 ቀን 2018 ከሥልጣን ወረዱ። በጁላይ 2021 የታሰሩት ደግሞ በሙስና ተፈርዶባቸው ሳይሆን በአጣሪ ኮሚሽኑ ፊት እንዲቀርቡ የተሰጠውን ትእዛዝ ባለማክበራቸው ነው። እስራቱን ተከትሎ በተነሣው ሁከት ከ350 ሰው በላይ ሞተ። ራጄሽና አቱል በጁን 2022 ዱባይ ተይዘው ነበር፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፍርድ ቤት ግን ለደቡብ አፍሪካ ተላልፈው እንዲሰጡ የቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረገው። በኤፕሪል 2023 ከእርሻው ፕሮጀክት ጋር በተያያዘ የመጀመሪያው ትልቅ ክስ ተከሳሾች በነጻ ተሰናበቱ፤ ዳኛዋ የፖሊስንና የዐቃቤ ሕግን ሥራ አጥብቀው ነቀፉ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" በሚባልበት ዓለም፣ ካልታሰሩ ማጋለጡ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄው የሚያናድድ ቢሆንም ትክክለኛ ነው። ጋዜጠኛ የማሰር ሥልጣን የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። የእሱ ድርሻ ማንም "አላውቅም ነበር" እንዳይል ማድረግ ነው። በደቡብ አፍሪካ ያ ተደርጓል። በዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የተመራው ኮሚሽን ከ300 በላይ ምስክሮችን በቴሌቪዥን እየተላለፈ ሰማ፤ በ2022 ባወጣቸው ሪፖርቶች ማን ምን እንደፈረመ በስም ዘረዘረ። ከላይ ያየነው በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብም ተመልሷል። ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ ደካማ የሆኑት በዘረፋው ዘመን ሆን ተብለው ስለተዳከሙ ነው፤ ጥፋቱን በጋዜጠኛው ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ያም ሆኖ የፍሬደ ገበሬዎች ተካሱ ማለት አይቻልም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ደግሞ ታሪኩን ማሳመር ይሆናል።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን አገናኘው?

ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ ወገኖቻችን መልሱን ያውቁታል። በየቀኑ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ በነበረበት ጊዜ ለጄኔሬተር ነዳጅ የከፈሉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ዕቃ የተበላሸባቸው እነሱ ናቸው። ለመብራቱ መጥፋት የጣቢያዎቹ ማርጀትና የአዳዲሶቹ መዘግየትም ምክንያት ነው፤ ኤስኮም ከተመዘበሩት ድርጅቶች ዋነኛው መሆኑ ግን በኮሚሽኑ ተረጋግጧል።

አገር ቤት ላለ ጋዜጠኛም የሚሆን ነገር አለ። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አብዛኛው ሰው አይጠቀምበትም። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቶ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዞ መውጣት ራሱ ማስረጃ ነው፤ መከልከሉም ይዘገባል።

በእጄ ማስረጃ አለ። ምን ላድርግ?

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጥፉት። በመሥሪያ ቤት ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ኢሜይል ወይም ዋይፋይ ለጋዜጠኛ አይጻፉ። በስልክ የተነሣ የሰነድ ፎቶ ቀኑንና ቦታውን በውስጡ ሊይዝ እንደሚችል፣ የቢሮ ፕሪንተርም ማን እንዳተመ መዝግቦ ሊያስቀምጥ እንደሚችል አይርሱ። ዋናውን ሰነድ አይሰርዙ፣ አያስምሩበት፤ እንዴት እንዳገኙት ለራስዎ ጽፈው ያስቀምጡ። ነገሩን የሚያውቀው ሰው በበዛ ቁጥር ከእርስዎ ጋር የሚያያይዘው ሰውም ይበዛል፤ ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን አያውሩ።

ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። በኢትዮጵያ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 (ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተጻፈው ለፍትሕ አካላት ጥቆማ ለሚሰጡ ሰዎች ነው፤ ለጋዜጠኛ የሰጠ ሰው ያንኑ ከለላ አገኛለሁ ብሎ መተማመን የለበትም። ጋዜጠኛውን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ ስሜን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል? ከመታተሙ በፊትስ ይነግሩኛል? ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጠ ሰነዱን አይስጡት፤ ሌላ ጋዜጠኛ ይፈልጉ።